የወሩ ተረኛ

በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፉኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሀል ዘርግተዋል። መርገጫ የለም። ቆሜ ቀረሁ።

"ጫማሽን አውልቂ እንጂ፣ የሰው ቤት ነው!" አለችኝ አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አወለቅሁ።

ግቢው ልደታ ውስጥ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ነው። ትልቁ ቤት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆኗል። እኛ የታጎርነው ከኋላ፣ ድሮ የቤት ሠራተኞች ይተኙበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ግድግዳ ከግቢው አጥር ጋር የተጣበቀ ስለሆነ የመንገዱ ድምፅ ይሰማናል። መስኮቱን በጣውላ ደፍነውታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ያቃጥለናል፣ ጠዋት ጠዋት የትንፋሻችን እንፋሎት ተመልሶ እላያችን ላይ ይንጠባጠባል። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። ሽታውን አልጽፈውም። የገባ ያውቀዋል፣ ያልገባ ባያውቀው ይሻለዋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው የያዙኝ፣ የያዙኝም የሰፈሬ ልጆች ናቸው። አንዱ "ደብተርሽን ለእናትሽ አደርስልሻለሁ" አለኝ፤ እውነትም አድርሶላታል። ምን አድርገሽ ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ብዙ አላደረግሁም። ትንሽ ግን አድርጌያለሁ።

ጫማሽን አውልቂ ያለችኝ አብነት ሰፈር አረቄ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ቤቷ ውስጥ ስብሰባ ተደርጓል ተብላ ነው የታሰረችው። "እኔ ቤት የሚሰበሰብ ሰው" ትላለች፣ "እንኳን መንግሥት ሊገለብጥ በእግሩ ቤቱ መግባት አይችልም።" ይህንኑ ለመርማሪዎቹም ነግራቸው ኖሯል። አንዱ ስቋል አሉ። ቢስቅም አልለቀቋትም።

ከእሷ ቀጥሎ እማማ ነበሩ። ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ ሲሸጡ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ልጃቸው ስለጠፋ በእሱ ምትክ ይዘዋቸዋል፤ እሱ እጁን ሲሰጥ እሳቸው ይፈታሉ።

"ከመጣ ዓይኑን አያለሁ" አሉኝ፣ "ካልመጣ ደግሞ ተርፏል ማለት ነው። እኔን በየት በኩል ያሸንፉኛል?"



ከበሩ በስተግራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችውን ብዙ ቀን ጀርባዋን ብቻ ነው የማውቀው። ታይፒስት ነበረች። የአመፅ ወረቀት በመሥሪያ ቤቷ የጽሕፈት መኪና መትታለች ነው ክሱ። ጣቶቿን ያየሁ ቀን ሁለተኛ ላላያቸው ሞከርኩ። አትናገርም፣ አታለቅስም። አትበላም።

እናቷ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ሳህን በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለች። ጥበቃው ተቀብሎ በበሩ ያስገባልናል። ታይፒስቷ ሳታየው በእግሯ ወደ እኛ ትገፋዋለች። እኛ እንበላለን፣ ባዶው ሳህን ይወጣል። ውጪ የቆመችው እናት ልጄ በላች ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ስለ ሳህን ነገር አንድ ልናገር። ያን ጊዜ ለቤተሰብ መርዶ የሚነግር አልነበረም። ምግቡን ከተቀበሉ የታሰረው ሰው አለ ማለት ነው። "ከእንግዲህ አታምጡ" ካሉ፣ ያው ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ሳህን ባዶውን በወጣ ቁጥር እናትየው ሌላ አንድ ቀን ታገኛለች። ልጅቷ ግን እዚያው ግድግዳው ሥር እያለቀች ነበር። እማማ ጉርሻ ይዘው አፏ ድረስ ሄደው ሞክረዋል። ከንፈሯን አትከፍትም።

"ይተዉአት" አለች አረቄ ሻጯ፣ "ከእነሱ ቀድማ መሄድ ፈልጋ ነው።"

አንድ ጠዋት ደወል ተሰማ። እማማ ተነሥተው አማተቡ።

"ዛሬ አንድ ቀን ነው። ልደታ ናት።"

ከደረታቸው ሥር በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን አወጡ። የደረቀ የዳቦ ጠርዝ ነው። ከዚያ ውሃ የምንጠጣበትን የዱቄት ወተት ጣሳ አጥበው ሞሉትና መሀል ላይ አስቀመጡት።

"ማኅበር እንጠጣለን" አሉ።

ማኅበር አውቃለሁ። እናቴም የልደታ ማኅበርተኛ ናት። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ በተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስለ ሰው ይወራል። ሲያልቅ የወሩ ተረኛ ጽዋውን ተረክባ በእልልታ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ልጅ ሆኜ የምወደው ዳቦውን ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ የማነብባቸው ሌሎች ነገሮች ሆኑ፣ እናቴም ከእኔ ጋር መከራከሩን ተወች።

"ቄስ የለ፣ ጠላ የለ" አልኩ።

"ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ አንድ ጠርሙስ ጡቴ ሥር ይዤ እገባ ነበር" አለች አረቄ ሻጯ።

"አንቺ ባለጌ! በእመቤታችን ፊት!" እማማ ተቆጧት፣ ግን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር።

አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ እኔ ዝም አልኩ። ጠርዟን ቆራርሰው ለእያንዳንዳችን የጣት ጥፍር የምታክል አደሉን። ጣሳው ዞረ። ውሃው ዝገት ዝገት ይላል። ሁሉም እንደ ጠላ ቀስ ብለው ጠጡት፤ እኔም ጠማኝና ጠጣሁ።

ከዚያ እማማ ጣሳውን አነሡና "የወሩን ማን ይውሰድ?" አሉ።

ሁሉም እግር እግሩን ያያል። ውጪ ቢሆን ይሻሙበታል፤ ስለት ያለባት፣ ልጅ የታመመባት "ለእኔ ይሁን" ትላለች። እዚያ ግን ወር ማለት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ክፍል ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ ተብሎ የወጣ ሰው ስንቱ ቤቱ እንደገባ የሚያውቅ የለም።

"እማማ፣ እዚህ ነገን የሚያውቅ የለም። እርስዎ የወር ይላሉ?" አልኳቸው።

"ውጪ ያለውስ ያውቃል? እናትሽ ጽዋ ስትቀበል ከእግዜር ፊርማ ተቀብላ ነው?"

"ይቅር በቃ! እዚህ ላይ ያብቃ።"

"ማኅበር አያበቃም። ተረኛ ይኖረዋል።"

"እኔ እወስዳለሁ።"

ሁላችንም ዞርን። የተናገረችው ታይፒስቷ ናት። ድምፅዋን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ የወንድ ድምፅ መሰለኝ፣ ሳትናገር ስለቆየች ነው። ግድግዳውን ይዛ ተነሥታ ተቀመጠች። ፊቷ የልጅ ፊት ነው።

እማማ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ሰጧት፣ እሷም በእነዚያ ጣቶቿ ተቀበለች። እልል ማለት ስለማይቻል አረቄ ሻጯ አፏን በመዳፏ አፍና እልልታዋን በጉሮሮዋ ብቻ አሰማች። አስቂኝ ነበር፤ እርግብ የምትጮኽ ትመስላለች።

የዚያን ዕለት ሰማያዊው ሳህን ሲገባ ታይፒስቷ ወደ ራሷ ሳበችው። በላች። አስመለሳት። እንደገና በላች።

ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እኔ ግን ተናደድኩ። እማማን ባልዲው ጋ ጠብቄ ተናገርኳቸው።

"ለምን ያሞኟታል? እንደሚወስዷት ያውቃሉ። ሁላችንም እናውቃለን።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ትኖሪያለሽ አልኳት? ተረኛ ነሽ ነው ያልኳት።" ከዚያ ደግሞ ቆጣ ብለው፣ "አንቺ ነገረኛ! የምትከራከሪበት አታጪ። እኔ በልጄ በየቀኑ እሞኛለሁ፤ ባልሞኝ ጠዋት የሚያስነሣኝ ምን አለ?"

ጥያቸው ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ታይፒስቷ ወሬዋ ሁሉ ድግሷ ሆነ። ምን ታቀርባለች፣ እናቷ ምን ትልክላታለች፣ ጣሳውን በምን ታፀዳዋለች። ከግድግዳው በተላጠ ኖራ ታሸዋለች። ፀጉሯን አረቄ ሻጯ ጎነጎነችላት።

"ስንት ሰው ጠርተሽ ነው?" ትላታለች እየጎነጎነች።

"ያለውን ሰው ሁሉ።"

"ጥበቃውንም?"

"ዳቦ ያሳልፍልን እንጂ ይምጣ።"

ጥበቃው አብነት መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበር፤ ጠመንጃውን ሲይዝ ራሱ የሚያፍር ይመስላል። ታይፒስቷ በበሩ ስንጥቅ "ለእናቴ፣ ለወሩ ልደታ ተረኛ ነኝ፣ ዳቦ ትጋግርልኝ በልልኝ" አለችው። "መልእክት ክልክል ነው" አላት። በማግሥቱ ሳህኑን ሲያስገባ ወደ ሌላ ቦታ እያየ "እሺ ብላለች" አለ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምትለው "ተመስገን፣ አንድ ቀን ቀነሰ" ነበር። እኔ ያን ቃል መስማት አልችልም ነበር። ሆኖም አንዳንድ ጠዋት እሷ ሳትለው ስትዘገይ ጆሮዬን አቁሜ እንደምጠብቅ ይታወቀኝ ነበር።

ወሩ አልሞላም።

ቀን ነው፣ ምሳ ልንበላ ስንል። በሩ ተከፈተ። ጎሚስታው አይደለም፤ የማናውቃቸው ናቸው። ስሟን ጠሩ። "ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።"

ዕቃ አልነበራትም። ሹራቧን አነሣች። ጣሳውንም አንሥታ ወደ እኔ መጣች።

"ለእማማ ስጪያቸው" አልኳት።

"እማማ ደክመዋል። አንቺ ነገረኛ ነሽ፣ የያዝሽውን አትለቂም። ያዢልኝ።"

"እኔ እኮ አላምንም።"

"ማን እመኚ አለሽ? ያዢልኝ ነው ያልኩሽ።"

"ቶሎ በይ!" አለ አንዱ ከበሩ።

ያዝኩላት። እማማን ጉልበታቸውን ሳመች፤ ሄደች። መኪና ሲነሣ ሰማን። ምሳው እዚያው መሀላችን ቀዘቀዘ።

ማግሥቱን እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊው ሳህን ገባ።

ጎሚስታውን አየነው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

"የለችም እኮ" አልኩት።

"ከላይ መልሱ አልተባልኩም።"

"አንተ ግን ታውቃለህ።"

"ከላይ አልተባልኩም አልኩሽ!" በሩን ዘጋው።

ሳህኑን ከበን ተቀመጥን። ማንም እጁን አልሰደደም። በመጨረሻ እማማ "ምግብ አይደፋም" አሉና አንድ ጉርሻ ቆርሰው ጎረሱ። ሲውጡት አየሁ። ሁላችንም በላን። ባዶው ሳህን ወጣ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ከሁሉ የምጠላው ይህን ነው፣ ከዱላው ይልቅ። ሴትዮዋ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ የልጇን ባዶ ሳህን ተቀብላ እግዜርን ታመሰግናለች፤ የምንበላው እኛ ነን። "እንንገራት" አልኩ። አረቄ ሻጯ "መሞቷን አይተሻል? ወደ ሌላ እስር ቤት ወስደዋት ቢሆንስ? የሰው እናት በግምት ትገያለሽ?" አለችኝ። እሷም ልክ ናት። አላየንም። እስከ ዛሬም ያየ ሰው አላገኘሁም።

ደወሉ ተደወለ። አንድ ቀን ሆነ፣ ልደታ።

ጎሚስታው በሩን ሲከፍት የያዘው ሳህን አይደለም። በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ነው፣ ገና ትኩስ። ሰማያዊውን ሳህን ከላዩ ደፍተውበታል። የኮባው ሽታ ከባልዲው ሽታ በልጦ ክፍሉን ሞላው። አረቄ ሻጯ ፊቷን አዞረች። ያቺ ሴት ስትቀልድ እንጂ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሁሉም እኔን አዩ። ጣሳው እኔ ጋ ነው።

አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር ዳቦውን ይዤ በሩን በእግሬ መደብደብ ነበር የፈለግሁት። ግን ተረኛ ቆማ እንግዳ አይቀመጥም። ጣሳውን አጥቤ ውሃ ሞላሁ። "እማማ፣ ይድገሙ" አልኩ። ደገሙ። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ፤ ቃሉ ከእናቴ ቤት ጀምሮ አፌ ውስጥ ነበር፣ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ዳቦውን በእጄ ቆረስኩ። ስቆርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ተረኛ ስትሆን፣ ማኅበርተኛ ከቀረባት፣ ከማንም በፊት የቀረችውን ድርሻ ታስቀምጣለች። ማንም አይነካውም። ሲያልቅ ወደ ቤቷ ይላካል።

አንዱን ቁራሽ ሰማያዊው ሳህን ላይ አስቀመጥኩ።

"የማን ነው?" አለች አንዷ።

"የቀረችው።"

የገባቸው ወዲያው ነው። ባዶ መውጣት የነበረበት ሳህን ዳቦ ይዞ ሊወጣ ነው። ያቺ እናት ደግሞ የማኅበር ሴት ናት፤ ድርሻ የሚላከው ለቀረ ሰው መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

"ልጄ" አሉ እማማ፣ "አስበሽበታል?"

"ምን ላድርግ? ድግሱ የእሷ ነው። ድርሻዋን ልብላባት?"

እማማ ረጅም ጊዜ ሳህኑን አዩ። ልጃቸውን እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ በእጃቸው ሰብስበው ሳህኑን እንደ ማኅበር ዳቦ አሳምረው ሸፈኑት።

"ወግ ነው" አሉ። "ይሂድ።"

ጎሚስታውን ጠራሁት። ሳህኑን ሲቀበል ከበደው፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድን ነው? አልበላችውም ልበላት?"

"ምንም አትበላት። ስጣትና ዝም በል። ዝም ማለት ትችልበታለህ።"

ሄደ። ወደ አጥሩ ግድግዳ ተጠግተን ቆምን። የመንገዱ ድምፅ አለ፣ የጋሪ ደወል፣ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሲነጋገሩ። ከበሩ በኩል ግን ምንም። ጩኸት ጠብቄ ነበር። አታምጡ የተባለች እናት ስትጮኽ በዚያ አጥር ሥር ሰምቻለሁ፣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አልመጣም። ሳህኑን አልገለጠችውም ይሆን? ወይስ አይታው መሬት ላይ ተቀምጣለች? አረቄ ሻጯ ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ ጥፍሯ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ከአጥሩ ወዲያ፣ በጣም ቅርብ፣ የሴት ድምፅ መጣ። ከበሩ ዞራ እኛ ክፍል ጀርባ ድረስ መጥታለች። እዚያ መቆም ክልክል ነው፤ ተኩሰውበት ያውቃሉ።

"ጽዋውን ማን ያዘላት?"

አልጮኸችም። ጎረቤት በአጥር እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው።

"እኔ!" አልኩ። ከዚያ ያልሰማች መስሎኝ በኃይል "እኔ ይዤላታለሁ!"

ጎሚስታው በሩን በሰደፍ መታ። "ዝም በይ አንቺ! ታስጨርሺናለሽ!"

ሄደች ብዬ ነበር።

"ለወሩ ያድርስሽ፣ ልጄ" አለች።

የእግሯን ኮቴ ሰማን። ቀስ ብላ ነው የሄደችው። እኛም ተቀመጥንና ዳቦውን በላን፤ ለዚያ ጩኸት ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊው ሳህን ገባ። ጎሚስታው "ለጽዋ ያዥዋ ነው ትላለች" አለኝ። እስክፈታ ድረስ አልቀረም። በሚቀጥለው ወር እማማ ጽዋውን ማን ይውሰድ ሲሉ እጃቸውን ያወጡ ሴቶች ሁለት ነበሩ፤ ተጣሉበትም። ከዚያ ጊዜ ከማስታውሳቸው ደስታዎች አንዱ ይህ ጠብ ነው። ከሁለቱ አንዷ ተወስዳለች። ሌላዋ ተፈትታ አብነት አረቄዋን ትሸጣለች።

አሁን ያ ክፍል የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መጋዘን ሆኗል። ስኳር ልወስድ ስሰለፍ ከበሩ ፊት እቆማለሁ። መስኮቱን ከፍተውለታል። ስኳር አየር ይፈልጋል መሰለኝ።

የእማማ ልጅ አልመጣም። እሳቸው ግን ተፈትተው ልደታ በር ላይ ጧፋቸውን ይሸጣሉ፤ ሲያዩኝ "አንቺ ነገረኛ፣ ዛሬስ ትገቢያለሽ?" ይሉኛል። አንዳንድ ቀን እገባለሁ። አንዳንድ ቀን ከውጪ ተሳልሜ እሄዳለሁ። አምነሻል ወይ ብትሉኝ፣ እንደ እናቴ አላምንም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሐኪምም፣ ጠበቃም፣ ያነበብኩት መጽሐፍም ያላደረገውን አንድ ጣሳ ውሃ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ያየሁትን አላየሁም አልልም።

ወር ሲገባ ወደ ታይፒስቷ እናት ቤት እሄዳለሁ። ቁርስ ታቀርባለች። እንዴት እንደወሰዷት ጠይቃኝ አታውቅም፤ መኪናውንም፣ ሰዎቹንም አትጠይቅም። የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፣ ሳህኑን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ።

"የላክሁላትን ትበላ ነበር?"

"መጀመሪያ ላይ አትበላም ነበር" እላታለሁ። አልዋሻትም። "ተረኛ ከሆነች ወዲህ ግን ትበላ ነበር። ጠርጋ ነበር የምትበላው።"

"ጠርጋ" ትላለች።

"ጠርጋ።"